የተገለበጠው ዲፈረንሻል

የእህቴ ባል ቤታችን መግባት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ አባቴን «አባባ» ማለት ጀመረ። ማንም አልፈቀደለትም። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን እያወለቀ «እንደምን ዋሉ አባባ?» አለ። አባቴም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «እግዜር ይመስገን ልጄ፣ ግባ» አለው። ሻይ ይዤ ነበር፤ ብርጭቆውን እዚያው ደጃፉ ላይ ልከሰክሰው ምንም አልቀረኝም። «አባባ» የእኔ ቃል ነበር። ከእህቴ ጋር እንኳ የተካፈልኩት የግዴን ነው፤ ከእኔ በኋላ ተወለደች፣ ምን ላድርግ።

አባባ ሾፌር ነበር። የደጋ ሰው ወደ ጋምቤላ መጥቶ ሲሰፍር፣ ሰፋሪውን ካመጡት መኪኖች አንዱን እየነዳ መጥቶ እሱም እዚሁ ቀረ፤ ቆይቶ እኛን አስመጣን። እናታችን ከሞተች፣ ታናሽ እህቴም አግብታ ከወጣች በኋላ ቤቱ የእኔና የአባባ ብቻ ሆነ። እኔ ጠዋት ጠዋት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን የአባባ ረዳት ነኝ። የማባዛት ሰንጠረዥ ከመያዜ በፊት ቺያቬና ካቻቢቴ ለይቼ የማቀብል ልጅ ነበርኩ። ክሪክ መደገፍ፣ ፍሬን ማስተንፈስ፣ የዛገ ቡሎን በናፍጣ አርሶ መፍታት፣ ሁሉንም ያሳየኝ እሱ ነው። መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በበጋ፣ ሜዳው ደርቆ እንደ አስፋልት ሲጠነክር። «ሴት ልጅ መሪ ይዛ» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም ነበር። አባባ ግን ወደ እኔ ዞሮ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ» ይለኛል።

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ከተማው ሁሉ ቢሮ ሆነ። ትናንት የሰው ሳሎን የነበረው ቤት ዛሬ ታፔላ ተሰቅሎበት ይገኛል። በየቢሮው ደጃፍ ነጫጭ መኪኖች ቆሙ፣ ሁሉም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ በፊትም በኋላም ጎማ የሚስቡ። አባባ ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ደግሞ የተዘጋው በዚያው ሰሞን ነው። ሲዘጋ ግቢው ውስጥ ቆማ የነበረችውን አሮጌ ፒክአፕ በጨረታ ወስዶ ወደ ቤት አመጣት። በኋላ ጎማ ብቻ የምትስብ ነበረች። በበጋ ታማኝ ናት፤ ክረምት ሲገባ ግን የአቦቦ መንገድ ጥቁር ጭቃ ላይ ቂጧን እያወዛወዘች ትቀራለች። እኛ እዚያው ተቀርቅረን ቁጭ ባልንበት እነዚያ ነጫጮቹ እያጓሩ፣ ጭቃቸውን እየረጩን ያልፋሉ። አባባ መሪውን ጨብጦ በዓይኑ ይሸኛቸዋል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ግን ይገተራል። ቀናተኛ ነበር። ታዲያ እኔ ከማን ወረስኩት?

አንድ ቀን ከዚያ ጭቃ ውስጥ ሰው ገፍቶን ወጥተን ስንመለስ «ለምን እኛም ሁለት ዲፈረንሻል አናደርጋትም?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ስለነበር ከእንግዲህ ብዙ እንደማይነዳ ሁለታችንም እናውቃለን። «ስታልቅ መሪው ያንቺ ነው» አለኝ፤ «እኔ ጎንሽ ቁጭ ብዬ መንገዱን አሳይሻለሁ።» ዓይኑ የደከመ ሰው መንገድ ሊያሳየኝ! ግን ከዚያን ቀን ወዲያ ከዓለም የምፈልገው ይህን ብቻ ሆነ። እኔ መሪ ላይ፣ አባባ ጎኔ፣ ሁለታችን ያንን ጭቃ ስንሰነጥቀው።

የፊት ዲፈረንሻል ከየት ይመጣል? ከአልዌሮ ግድብ ወዲያ አንድ የተተወ ግቢ ውስጥ የተጣሉ መኪኖች ዝገት ይበላቸው ነበር፤ ከመካከላቸው የአንዱ ፊት ደህና መሆኑን አባባ ያውቃል። ውሰድ ተብሎ ተፈቅዶለታል፤ የቸገረው የሚጭነው መኪና ነው። ይኼኔ ነው የእህቴ ባል ብቅ ያለው። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ከደጋ ጭነት የሚያመላልስ። «ምን ችግር አለው አባባ፤ አቦቦ ጭነት አራግፌ ስመለስ አመጣልዎታለሁ» አለ። አመጣም። የፊቱን አክሰል፣ ጎማዎቹ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚገቡበትን ረጅም ብረት፣ ከነዲፈረንሻሉ አውርደው ግቢያችን ማንጎ ሥር ሲያስቀምጡት አባባ ዝገቱን እንደ ጥጃ ጀርባ አሻሸው። እኔ የማየው ብረቱን ሳይሆን ሰውየውን ነበር። አክሰሉን አራግፎ ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም።

ከመኪና ሥር የሚበቃው ለሁለት ሰው ነው። ይህ መኪና ሥር ገብቶ ለማያውቅ ሰው አይገባውም። ጆንያ ይነጠፋል፣ ሁለት ሰው በጀርባው ጎን ለጎን ይተኛል፣ አንዱ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ያጠብቃል። ያ ጆንያ የእኔ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመኪናዋ ሥር አራት እግር ወጥቶ አየሁ። የአባባን ነጠላ ጫማ አውቀዋለሁ። ሌላው እግር ግን ትልቅ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ እህቴ በሠርጓ ሰሞን «እግሩ ብቻ ነው የሚያስጠላው» ያለችኝ እግር ነው።

«መጣሽ?» አለ አባባ ከሥር። «እስቲ ውሃ አምጪልን።»

ውሃ! እኔ! አመጣሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ውሃና ሻይ ሆነ። የሻንሲውን ፊት ቆርጠው የባሌስትራ መያዣ ሲያበይዱ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ሳጥን፣ ትራንስፈር የሚሉትን፣ ሰውየው ከጅማ ገዝቶ ይዞ መጣ፤ አባባ ተቀብሎ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ክፉ አልነበረም። ቺያቬ ባቀበልኩት ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ይለኛል፤ እትዬም የእህቴ ቃል ነበር፣ እሱንም ወስዶታል። ያለ አባት እንዳደገ እህቴ ነግራኛለች። አሳዘነኝ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ማዘኔ ግን ቅናቴን ቅንጣት አልቀነሰውም። አባት የሌለው ሰው የሌላ ሰው አባት ይውሰድ የተባለ ይመስል!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግራሶአቸውን ሊታጠቡ ባሮ ወንዝ ይወርዳሉ። አንድ ሳሙና፣ አንድ ፎጣ። የወንዶቹ መታጠቢያ ከላይ ነው፣ የሴቶቹ ከታች። እኔ ከአባባ ጋር ሞተር አውርጃለሁ፣ ጎማ ቀይሬያለሁ፤ ባሮ ዳር ላይ ግን መንገዱ ይለያየናል። ከታች ሆኜ ልብስ ሳጥብ ድምፃቸው በውሃው ላይ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይያዝም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያስካካል። ሲመለሱ ወሬያቸው አልቆ ነው የሚመለሱት፤ ለእኔ የሚተርፈኝ እርጥብ ፎጣ ብቻ ነው። «ምን እያወራችሁ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ አባባ «እንዲሁ ነው» ይለኛል።

ሰው ሁሉ ግን የገባው ሌላ ነው። ታናሿ ቀድማት አገባች፤ ስለዚህ አማቹ ሲመጣ ፊቷ የሚጠቁረው በትዳሩ ነው። አስተማሪዎቹ እንዲህ አሉ፣ ጎረቤቶቹ እንዲህ አሉ። እህቴ ራሷ አንድ ቀን ክንዴን ይዛ «እትዬ፣ ያንቺም ቀን ይመጣል» አለችኝ። ባልሽን በወርቅ ለብጠሽ ብትሰጪኝ አልፈልገውም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቅር እንዳይላት ተውኩት። እኔ በእሷ አልቀናሁም። የቀናሁት በባሏ ነው። ይህን ደግሞ ለማን ይነግሩታል?

አክሰሉን ሊገጥሙ የተነሱ ዕለት ችግር መጣ። አክሰሉ ላይ ዲፈረንሻሉ ያለበት ያበጠው ሆድ በግራ በኩል ነው። ከጅማው ትራንስፈር የሚወጣው ዘንግ ደግሞ በቀኝ በኩል። ሁለቱ አይገናኙም። አባባ ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፋ። የእህቴ ባል ጭንቅላቱን ሲያክክ ቆየና «ለምን አንገለብጠውም? ከተገለበጠ ሆዱ ወደ ቀኝ ይመጣል» አለ።

አባባ ጭኑን መታ። «አየሽ!» አለኝ። «አየሽልኝ ጭንቅላት!»

የእኔን ጭንቅላት እንደዚያ አድርጎ አመስግኖት አያውቅም። በማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት አስረው አክሰሉን አንስተው ገለበጡት፤ ከዚያ ምሳ ሊበሉ ገቡ። እኔ ሳይገለበጥ በፊት ከዲፈረንሻሉ ሆድ የሚወጣውን አጭር ዘንግ በእጄ አዙሬው ነበር፤ ልማድ ነው፣ የሚዞር ነገር ሳገኝ አዞራለሁ። አሁንም ሄጄ በዚያው አቅጣጫ አዞርኩት። ጎማ የሚገባበት ጫፍ በፊት ወደ ፊት ይዞር የነበረው፣ አሁን ወደ ኋላ ዞረ። ደገምኩት። ያው ነው።

«አባባ» አልኩት ሲወጣ፤ «እንዲህ ከገጠምከው የፊቱ ጎማ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።»

የእህቴ ባል ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ዲፈረንሻል እኮ ዲፈረንሻል ነው። ቢገለብጡትም ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ና አዙረህ እየው!»

ከአስፈላጊው በላይ ጮኼ ነበር። ሰውየው እጁን ጠርጎ ሊመጣ ሲል አባባ ክንዱን ያዘውና ወደ እኔ ዞረ። «ምነው ልጄ፣ ቀናሽ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

በቀልድ ነው ያለው። ነገር ግን እውነት ነዋ! መቅናቴም እውነት፣ ጎማው ወደ ኋላ መዞሩም እውነት። አንዱ እውነት ሌላውን ዋጠው። አንዴ ቀንታለች ከተባልኩ በኋላ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብል ማን ይሰማኛል? የግቢውን በር አላትሜ ወጣሁ።

ጎረቤታችን አኝዋክ ሽማግሌ ነው፣ ባሮ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ። አማርኛውን የለመደው ከዓሣ ገዢዎች ነው መሰለኝ ሰላምታው አንድ ብቻ ነው። ለወንድ «ቀናህ?» ለሴት «ቀናሽ?» ዓሣ አጥማጅ ከወንዝ ሲመለስ የሚጠየቀውን፣ እሱ ከገበያ ለተመለሰም፣ ከሐኪም ቤት ለተመለሰም፣ ከቤተ ክርስቲያን ለተመለሰም ይጠይቀዋል። እኔም ሁልጊዜ «ቀናኝ» ብዬ ስቄ አልፋለሁ። ያን ቀን ዓሣውን በገመድ አንጠልጥሎ ከፊቴ ድቅን አለና ጥርሱን ብልጭ አደረገ።

«ቀናሽ?»

«አዎ ቀናሁ!» ብዬ ጮኽኩበት። «ቀናሁ! በደንብ አድርጌ ቀናሁ! ምን ይሁን?»

ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«እሰይ! እኔም ቀናሁ!» አለና ገመዱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ቀናኝ ማለቱ ነው። «ዛሬ ሁለታችን ቀናን!» ትልቁን ዓሣ ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «እንኪ ውሰጂ። አባትሽ ይብላ።»

መንገድ መሀል ዓሣ ታቅፌ ቆምኩ። ልስቅ አልቻልኩም፣ ላለቅስም አልቻልኩም። ወደ ቤት ተመልሼ ጠብሼ አቀረብኩላቸው። ሁለቱም ጣታቸውን እስኪልሱ በሉት፤ ለእኔ ጭራው ደረሰኝ።

አክሰሉን እንደተገለበጠ ገጠሙት። የሙከራው ቀን አባባ ራሱ መሪ ላይ ወጣ፤ ግቢ ውስጥ ነው፣ ዓይን ብዙ አይፈልግም። የእህቴ ባል ጎኑ ገባ። እኔ ደጃፍ ላይ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። አባባ የፊትና የኋላውን አንድ ላይ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናዋ የትም አልሄደችም። ባለችበት ቆማ ተንቀጠቀጠች። የኋላው ጎማ አፈሩን ወደ ኋላ ይዝቃል፣ የፊቱ ወደ ፊት፤ የኋላው ሂድ ይላል፣ የፊቱ ተመለስ ይላል። ልትጠይቀን መጥታ እህቴ ያሰጣችልን ልብስ በሙሉ አፈር ለበሰ። ሞተሩ አንዴ ተንተፋተፈና ጠፋ።

እንግዲህ ይዞራሉ፣ እንግዲህ ያዩኛል ብዬ ጠበቅኩ። ፊቴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የማይኮራ፣ ይቅር የሚል ዓይነት ፊት። ሁለቱ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አባባ «ግማሿ ጎሬ፣ ግማሿ አቦቦ ልትሄድ!» አለና በሳቅ ፈነዳ። ሰውየውም ፈነዳ። ከጋቢናው ወርደው ማንጎውን ተደግፈው ሳቁ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው ያስጀምረዋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባባ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ላስቀው ሞክሬ ነበር፤ ብዙ ሞክሬ ነበር። አሁን ያሳቀው ስህተቱ ነው። የሁለታቸው ስህተት ነው፣ አብረው የሠሩት። በዚያ ውስጥ ለእኔ ቦታ የለም፤ እኔ ትክክል ነበርኩ። ቆይቶ አባባ ዓይኑን እየጠረገ «ብላን ነበር እኮ» አለ። ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ ነው የነገረው።

መፍትሔውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አክሰሉን ወደነበረበት መልሱት፣ ትራንስፈሩንም ከዚያው ከተጣለው መኪና አምጡት፣ አብረው የተፈጠሩ ስለሆኑ ይገጥማሉ አልኳቸው። ይኼን ጊዜ ሰሙኝ። ሰሙኝና ሁለቱ አልዌሮ ሄዱ፤ እኔ ማስተማር ነበረብኝ። አድረው ተመለሱ። ስለ አንድ ጥርስ ስለሌለው የግቢ ዘበኛ እየተነጋገሩ ይሳሳቃሉ፤ ወሬውን ሙሉውን እስከ ዛሬ አላውቀውም። በማግስቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አርፍጄ ስመጣ ከመኪናው ሥር የእህቴ ባል ድምፅ ተሰማኝ።

«አባባ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ።»

አድርገህ! አድርገው አይደለም፣ አድርገህ! ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አባባ ይቆጣዋል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ለአማቱ አንተ የሚል አማች የት ይታወቃል?

«ያዝኩልህ» አለው አባባ። ይኸው ነው።

እኔ አባባን አንተ ለማለት መወለድ ነበረብኝ። እሱ አንድ ጊዜ አልዌሮ ደርሶ መጣ።

መኪናዋ ያለቀችው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ግቢያችን ጭቃ ሆኖ ስለነበር ሙከራው ቀላል ሆነ፤ አራቱም ጎማ አንድ ላይ ወደ ፊት ሳባት። አባባ በማግስቱ አቦቦ እንሄዳለን አለ። ያን ጠዋት አለባበሴን እንኳ አስቤበት ነበር። ቁልፉ አባባ እጅ ላይ ነው። ያገላብጠዋል። እኔ አየዋለሁ፣ የእህቴ ባል ያየዋል። እንደማይሰጠኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የምናገረውንም አዘጋጅቼ ነበር፣ መራራ መራራውን።

የእህቴ ባል ሄዶ የሾፌሩን በር ከፈተ። ገባ ስል «እትዬ፣ ግቢ እንጂ፤ ያንቺ አይደል?» አለኝ።

አባባም «እንዴታ!» አለና ቁልፉን እጄ ላይ ጣለው።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከንቱ ሆነ። የእሱ ስጦታ ሆኖ መምጣቱ ቢያንገበግበኝም ቁልፉ ቁልፍ ነው። ወጥቼ ተቀመጥኩ። መሪው ትኩስ ግራሶ ይሸታል። የዚያኛው በር ከውጭ ስለማይከፈት ተንጠራርቼ ከውስጥ ለአባባ ከፈትኩለት።

አባባ ግን በጎን አልፎ ወደ ኋላ ሄደ።

«ግባ እንጂ አባባ!»

«ከኋላ ካሶኒው ባዶ ነው» አለኝ እግሩን ጎማው ላይ እያወጣ። «ጭቃው ላይ እንዳይንሸራተትብሽ ክብደት ይፈልጋል። እኛ ከኋላ እንሆናለን።»

እኛ። የእህቴ ባል ቀድሞ ወጥቶ ከላይ እጁን ሰጠው፣ ጎትቶ አወጣው። ጋቢናው በስተጀርባ ያለውን ብረት ይዘው ጎን ለጎን ቆሙ። የተከፈተውን በር መልሼ ዘጋሁት።

ከከተማ ወጥተን የአቦቦን መንገድ ያዝን። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው ስላደረ መንገዱ ሊጥ ሆኗል። ከአንዱ ቢሮ ነጫጭ መኪኖች አንዷ ዳር ላይ ተዘፍቃ ሰዎቿ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። አባባ ለዓመታት የጠበቃት ደቂቃ ናት። በዝግታ፣ ሳልቸኩል፣ ልክ እንዳስተማረኝ፣ ጎናቸውን አለፍኳቸው። የአባባን ፊት ለማየት ወደ ጎኔ ዞርኩ፤ ባዶ ወንበር ነው።

በስፖኪዮው አየኋቸው። የእህቴ ባል እያጨበጨበ ነው። አባባ እጁን ትከሻው ላይ ጥሎ ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ይነግረዋል። ሞተሩ ስለሚጮህ አይሰማም። ሰውየው መለሰለት፤ አባባ ራሱን ነቀነቀ፣ ደግሞ ነገረው። ባሮ ላይ እንኳ ድምፁ ይመጣልኝ ነበር።

ከፊታችን ውሃ የቋጠረ ትልቅ ጉድጓድ አየሁ። በስተግራው ደረቅ ማለፊያ አለው፤ ሁለት መኪና ያሳልፋል። መሪውን አላጠፍኩም። ማርሽ ቀንሼ፣ ነዳጅ ሰጥቼ ቀጥ ብዬ ገባሁበት። ውሃው በሁለቱም በኩል እንደ ግድግዳ ተነስቶ ካሶኒው ላይ ተደፋ። ስፖኪዮው ላይ የቀረው ጭቃ እስኪወርድ ጠበቅኩና አየሁ። አባባ ከጸጉሩ እስከ ሆዱ ጠቁሮ፣ በሁለት እጁ የሰውየውን አንገት አቅፎ፣ ይስቃል።